በሀብታምና በድኻ መካከል ያለው የጤና ልዩነት እንዴት ይለካል?



ጤና ከሀብት ሁሉ እንደሚበልጥ ወላጆቻችን ዘወትር ይነግሩናል። ይሁን እንጂ ጤና ራሱ ለሀብታምና ለድኻ በእኩል እንዳልታደለ ሁሉም ሰው ያውቃል። አንዱ ልጁን ትኩሳት ሲይዘው በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ያደርሰዋል፤ ሌላው የሚሸጥ ነገር እስኪያገኝ ድረስ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። ይህን ለማወቅ ምርምር አያሻም። ምርምር የሚያሻው ልዩነቱ ምን ያህል እንደ ሆነ፥ ከዓመት ወደ ዓመትም እየጠበበ ወይም እየሰፋ መሄዱን ለማወቅ ሲፈለግ ነው። «ብዙ ነው»፥ «ትንሽ ነው» የሚለው ቃል እንደ ተናጋሪው ስለሚለያይ፥ ሁሉም የሚያየው መለኪያ ማግኘት ግድ ይሆናል።

ስለዚህ በዚህች ጽሑፍ ሊቃውንት ይህን ልዩነት የሚለኩበትን መንገድ ባጭሩ ለመግለጽ አስቤአለሁ። ምሳሌዎቹን በተቻለ መጠን ከወልቂጤና ከቡታጅራ አካባቢ አመጣለሁ። ሒሳቡም ከመደመር፥ ከመቀነስ፥ ከማባዛትና ከማካፈል አያልፍም፤ ስለዚህ ሒሳብ የሚያስፈራቸው ጓደኞቼ እስከ መጨረሻው እንዲታገሡኝ እለምናለሁ።

አማካይ ቁጥር የሚሸፍነው ነገር

ለምሳሌ ያህል ሁለት መንደሮችን በሐሳባችን እንፍጠር። መንደሮቹ ለትምህርት ብቻ የተፈጠሩ ስለ ሆኑ ስማቸውን «አንደኛው መንደር» እና «ሁለተኛው መንደር» እንበላቸው። በእያንዳንዱ መንደር 100 ሕፃናት አሉ። የጤና ሠራተኞች መጥተው የሕፃናቱን ቁመት ቢለኩ፥ በሁለቱም መንደሮች 40 ሕፃናት ቀንጭረው ተገኙ፤ ይኸውም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው እጅግ ያነሰ ነው ማለት ነው። እንግዲህ አማካይ ቁጥሩን ብቻ የሚያነብ ሹም ሁለቱ መንደሮች አንድ ናቸው ብሎ መዝገቡን ይዘጋል።

አሁን ግን የየመንደሩን ሕፃናት ከድኻው ቤት ጀምረን እስከ ሀብታሙ ቤት ድረስ በተራ እናሰልፋቸው። ሰልፉንም ሃያ ሃያ ሕፃናት ወዳሉባቸው አምስት እጆች እንክፈለው። በአንደኛው መንደር፥ ከድኻው እጅ ጀምሮ ሲቈጠር፥ የቀነጨሩት 12፥ 10፥ 8፥ 6 እና 4 ሆነው ተገኙ። በሁለተኛው መንደር ግን በየእጁ 8፥ 8፥ 8፥ 8 እና 8 ናቸው። ድምሩ በሁለቱም 40 ነው። ነገር ግን በአንደኛው መንደር የድኻው ልጅ የመቀንጨር ዕድሉ ከሀብታሙ ልጅ ሦስት እጥፍ ነው፤ በሁለተኛው መንደር ደግሞ ሀብት ለውጥ አላመጣም። የመንደሮቹ በሽታ አንድ ቢሆንም መድኃኒታቸው አንድ ሊሆን አይችልም። በሁለተኛው መንደር ምናልባት ውሃው ወይም የልጅ አመጋገብ ልማዱ ለሁሉም የሚመረመር ይሆናል፤ በአንደኛው መንደር ግን ከታች ያሉት ቤቶች ምን እንደ ጐደላቸው መጠየቅ ይገባል።

የትምህርታችን መጀመሪያ ይኸው ነው። አማካይ ቁጥር ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ማን ምን እንደ ደረሰበት አይናገርም።

ይህ ጥያቄ የተነሣው ከመቼ ጀምሮ ነው?

የሀብትንና የጤናን ነገር በቁጥር መመርመር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1842 ኤድዊን ቻድዊክ የተባለ እንግሊዛዊ የሠራተኞችን የኑሮ ሁኔታ መርምሮ ባቀረበው ጽሑፍ፥ በሊቨርፑል ከተማ የሞቱ የባለሀብቶችና የባለሙያዎች ቤተሰቦች አማካይ የሞት ዕድሜ 35 ዓመት ሲሆን የጉልበት ሠራተኞች ቤተሰቦች ግን 15 ዓመት ብቻ መሆኑን አሳየ። ቁጥሩ ዝቅ ያለው ብዙ ሕፃናት በጨቅላነታቸው ይሞቱ ስለ ነበር ነው። አንባቢው ሁሉ ደነገጠ፤ ስለ ንጹሕ ውሃና ስለ ቆሻሻ መውረጃ ሕግ እንዲወጣም ይህ ሥራ ብዙ ረዳ።

ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1980፥ በዚያው አገር በሰር ዳግላስ ብላክ የሚመራ ጉባኤ ሌላ ሪፖርት አወጣ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ሕክምናን ለሕዝቡ በነፃ ትሰጥ ነበር፤ እንዲሁም ሆኖ ሙያ የሌላቸው የጉልበት ሠራተኞች የሞት መጠን ከታላላቅ ባለሙያዎች ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ከዚህ የምንማረው፥ የሐኪም ቤት በር ለሁሉ መከፈቱ ብቻውን ልዩነቱን እንደማያጠፋ ነው። የሚበላው ምግብ፥ የሚኖርበት ቤት፥ የሚሠራው ሥራና የተማረው ትምህርት ሰው ሐኪም ቤት ከመድረሱ አስቀድሞ ጤናውን ይወስናሉ።

የቡታጅራ መዝገብ

ከሩቅ አገር ወደ ራሳችን እንመለስ። ከዘቢዳር ተራራ በስተ ምዕራብ የጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ወልቂጤ፥ በስተ ምሥራቅ ደግሞ ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ የሆነችው ቡታጅራ ይገኛሉ። ቡታጅራ በበርበሬዋና በገበያዋ መታወቋን ሁላችን እናውቃለን፤ በዓለም የጤና ሊቃውንት ዘንድ ግን ስሟ የሚነሣው በመዝገብ ምክንያት መሆኑን የሚያውቁ ተማሪዎች ጥቂቶች ይመስሉኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድን አገር ከኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር፥ በዚያን ጊዜ መስቃንና ማረቆ ይባል በነበረው ወረዳ ዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችንና አንድ የከተማ ቀበሌ በዕጣ መረጠ። በእነዚህ ቀበሌዎች የሚኖረው 28 ሺህ ያህል ሕዝብ ቤት ለቤት ተቈጠረ። ከዚያም በኋላ ቈጣሪዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው አልሄዱም። እየተመላለሱ ማን እንደ ተወለደ፥ ማን እንደ ሞተ፥ ማን እንደ ገባና ማን እንደ ወጣ በየቤቱ መመዝገብ ቀጠሉ። ቀበሌዎቹም ከደጋም ከቆላም የተውጣጡ ስለ ነበሩ፥ የደጋውን ከቆላው፥ የከተማውን ከገጠሩ ማነጻጸር ተቻለ።

ይህ መዝገብ ለምን ያህል ይጠቅማል? በአገራችን ገጠር ብዙ ሰው የሚወለደውም የሚሞተውም በቤቱ ነው። ሐኪም ቤት ያለውን መዝገብ ብቻ ብናነብ የምናገኘው ሐኪም ቤት ለመድረስ የቻሉትን ብቻ ነው፤ ያልደረሱት ግን ከቍጥር ይጐድላሉ። ድኻው ደግሞ ከማይደርሱት መካከል ይበዛል። እንግዲህ የሐኪም ቤት መዝገብ ብቻውን ድኻው ጤነኛ እንደ ሆነ አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል። የቡታጅራው ቈጣሪ ግን ቤት ለቤት ስለሚሄድ፥ በደጃፉ ያላለፈ ሞት የለም ለማለት ይቻላል። ሰው በቤቱ ሲሞት የቅርብ ዘመዶቹ ሕመሙ እንዴት እንደ ጀመረና ምን ምልክት እንደ ነበረው ይጠየቃሉ፤ ከመልሳቸውም የሞቱ ምክንያት ይገመታል።

ከብዙ ዓመታት መዝገብ የተገኘው ውጤት፥ በገጠሩ ያለው የሞት መጠን ከከተማው ከፍ ብሎ መቈየቱን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የቡታጅራ ጥናት ደግሞ እናት በቤቷ ጉዳይ ላይ የመወሰን ድርሻዋ ሲያንስ፥ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሞት እንደሚበዛ ገልጧል። እንግዲህ «ሀብት» ስንል በሣጥን ያለውን ገንዘብ ብቻ ማሰብ አይገባንም፤ በገንዘቡ ላይ የሚያዘው ማን እንደ ሆነም መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሀብትን መለካት ለምን ይከብዳል?

በሀብታምና በድኻ መካከል ያለውን የጤና ልዩነት ለመለካት ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ የጤና መለኪያ፥ ሌላው የሀብት መለኪያ ነው።

ጤናን በተመለከተ «ባለፈው ወር ታመህ ነበርን?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ጥያቄው ያታልላል። ማሳውን ሲቈፍር የሚውል ገበሬ ለወራት የያዘውን ሳል በሽታ ላይለው ይችላል፤ የተማረና ገንዘብ ያለው ሰው ግን ራሱን ትንሽ ሲያመው ሐኪም ዘንድ ሄዶ ስሙን ያስመዘግባል። በዚህ ምክንያት ሀብታሙ ከድኻው ይልቅ በሽተኛ ሆኖ ሊቈጠር ይችላል። ስለዚህ ሊቃውንት እንደ ሞት፥ እንደ ሕፃናት ቁመትና ክብደት፥ እንደ ክትባት፥ ወይም እናት በሠለጠነ ባለሙያ እጅ መውለዷን የመሳሰሉትን፥ ሊታዩና ሊቈጠሩ የሚችሉትን መለኪያዎች ይመርጣሉ።

ሀብትን መለካት ከዚህ ይብሳል። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዙን ሊናገር ይችላል። የእኛ ገበሬ ግን በወር ስንት ብር እንደሚያገኝ ቢጠየቅ ምን ብሎ ይመልሳል? ቆጮው ከጓሮው ነው፤ በርበሬውና ጫቱ በየወቅቱ ይሸጣል፤ ልጁ ወይም ወንድሙ በአዲስ አበባ ነግዶ ገንዘብ ይልክለታል። ጠያቂው የመጣው በመስቀል ሰሞን ከሆነ፥ ዘመድ ሁሉ ከያለበት ገብቶ ሥጋውና ቅቤው የተትረፈረፈበትን ቤት ያገኛል። በሐምሌ ቢመጣ ደግሞ ያው ቤት ሌላ ይመስላል። ከዚህም በላይ «ገቢህ ስንት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ግብር ሊጨመርበት እንደ ሆነ የሚጠራጠር ሰው ጥቂት አይደለም።

ስለዚህ በብዙ አገሮች ገቢን መጠየቅ ትተው ንብረትን መቍጠር ጀመሩ። የቤቱ ክዳን ሣር ነው ወይስ ቆርቆሮ? ወለሉ አፈር ነው ወይስ ሲሚንቶ? መጸዳጃ ቤት አለ ወይ? ሬዲዮ፥ አልጋ፥ የእጅ ስልክ፥ ከብት አለ ወይ? ለእያንዳንዱ መልስ ነጥብ ይሰጥና የነጥቡ ድምር ቤቶቹን ከድኻው እስከ ሀብታሙ በተራ ያሰልፋል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በየጊዜው የሚደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ውጤቱን በዚህ መንገድ በአምስት የሀብት እጆች ከፍሎ ያወጣል።

ይህም ቢሆን ጉድለት አያጣውም። በጀፎረው ዳር የቆመ፥ በጥሩ እንጨትና ሣር የተሠራ ታላቅ የጉራጌ ቤት፥ ጓሮው በእንሰት የተሞላ፥ በአካባቢው ዓይን የባለጸጋ ቤት ነው። እንሰት ተተክሎ እስኪደርስ ዓመታት ስለሚፈጅ፥ ብዙ እንሰት ያለው ቤተሰብ ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ስንቅ አለው ማለት ነው። የጠያቂው ወረቀት ግን «ክዳኑ ሣር፥ ወለሉ አፈር» ካለና እንሰቱን ካልቈጠረ፥ ይህን ባለጸጋ ከድኾች ጋር ያሰልፈዋል። በአንጻሩ በከተማ ዳር በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይታ በቀን ሥራ የምትኖር እናት፥ ኤሌክትሪክና የቧንቧ ውሃ ስላላት ብቻ ከፍ ብላ ልትሰለፍ ትችላለች። ይህን የተረዱ ባለሙያዎች ለከተማና ለገጠር የተለያየ ስሌት ሠርተው በኋላ ያጣምሩታል። እንዲሁም ሆኖ ሰልፉ ከተሳሳተ ከሰልፉ በኋላ የሚመጣው ሒሳብ ሁሉ አብሮ እንደሚሳሳት መዘንጋት አይገባም።

ልዩነቱን በአንድ ቍጥር መግለጽ

አሁን ደብተርና እርሳስ እንያዝ። እ.ኤ.አ. በ1905 ማክስ ሎሬንዝ የተባለ አሜሪካዊ የሀብት ክፍፍልን በመስመር የሚያሳይ ሥዕል አወጣ፤ በ1912 ደግሞ ኮራዶ ጂኒ የተባለ የኢጣልያ ሊቅ ልዩነቱን በአንድ ቍጥር የሚገልጽበትን ስሌት አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1991 አዳም ዋግስታፍ፥ ፒየሬላ ፓቺና ኤዲ ቫን ዶርስላር የተባሉ የኤኮኖሚ ሊቃውንት፥ ይኸው ዓይነት ሥዕል ሕዝቡን በሀብት አሰልፎ የጤናን ክፍፍል ለመለካት ከተሻሉት መንገዶች አንዱ መሆኑን አስረዱ። የሚገኘውም ቍጥር «ኮንሰንትሬሽን ኢንዴክስ» ይባላል፤ እኛ «የክምችት ልክ» ብንለው ያስኬዳል፤ በሽታው ወይም ጤናው በየትኛው ወገን እንደ ተከማቸ ያሳያልና።

አሠራሩን በአንደኛው መንደር እንመልከት። የቀነጨሩት 12፥ 10፥ 8፥ 6 እና 4 ነበሩ። ከ40 አንጻር ድርሻቸው ከመቶ 30፥ 25፥ 20፥ 15 እና 10 ይሆናል። ከድኻው ጀምረን ስንደምር 30፥ 55፥ 75፥ 90 እና 100 እናገኛለን። ካሬ ሥዕል ሥሩና በአግድሙ የሕፃናቱን ብዛት ከድኻው እስከ ሀብታሙ፥ በቁሙ ደግሞ ይህን ድምር አመልክቱ። ነጥቦቹን ስታያይዙ መስመሩ ከካሬው ሰያፍ በላይ ይጐብጣል። በሁለተኛው መንደር ግን ነጥቦቹ 20፥ 40፥ 60፥ 80 እና 100 ስለ ሆኑ በሰያፉ ላይ ልክ ያርፋሉ፤ ሰያፉ የእኩልነት መስመር ነውና።

ከመስመሩ በታች ያለውን ስፋት ለማግኘት ካሬውን በአምስት ቁም ሰቆች ክፈሉት። የእያንዳንዱ ሰቅ ስፋት በግራና በቀኝ ያሉት ቁመቶች አማካይ በ0.2 ሲባዛ ይገኛል፤ ይኸውም 0.030፥ 0.085፥ 0.130፥ 0.165 እና 0.190 ነው። ድምሩ 0.60 ይሆናል። ይህን በ2 አባዝተን ከ1 ብንቀንሰው 1 − 1.20 = −0.20 እናገኛለን። የመንደሩ የክምችት ልክ ይኸው ነው። በሁለተኛው መንደር ስፋቱ 0.50 ስለሚሆን ልኩ 0 ነው። የመቀነስ ምልክቱ የተለካው ነገር በድኾች ወገን መከማቸቱን ያመለክታል፤ የመደመር ቢሆን ኖሮ በሀብታሞች ወገን ተከማችቷል ማለት ነው። ልኩ ከ−1 እስከ +1 ባለው መካከል ይገኛል።

ይህ ስሌት ሦስት እጥፍ ብሎ ከመናገር የሚሻልበት ምክንያት አለው። «ሦስት እጥፍ» ያልነው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን እጅ ብቻ በማየት ነው፤ በመካከል ያሉትን 60 ሕፃናት አልጠየቅናቸውም። የክምችት ልክ ግን ሁሉንም ሕፃናት በሒሳቡ ውስጥ ያስገባል።

አንድ እውነት፥ ሁለት መለኪያ

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ነበር። አሁን ግን ጥንቃቄ ወደሚያስፈልገው ስፍራ ደርሰናል።

እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የኢትዮጵያ ጥናት፥ ከድኻው እጅ በሠለጠነ ባለሙያ ርዳታ የተወለዱት ሕፃናት ከመቶ 2 ያህል ሲሆኑ ከሀብታሙ እጅ 46 ያህል ነበሩ። በ2016 በተደረገው ጥናት ደግሞ ከድኻው እጅ 11 ያህል፥ ከሀብታሙ እጅ 70 ያህል ሆኑ። ልዩነቱ ጠበበ ወይስ ሰፋ?

አንዱ ተማሪ ያካፍላል። በ2011 ሀብታሙ የድኻውን 23 እጥፍ አግኝቶ ነበር፤ በ2016 ግን 6 እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ልዩነቱ እጅግ ጠበበ ይላል። ሌላው ይቀንሳል። 46 ሲቀነስ 2፥ 44 ነው፤ 70 ሲቀነስ 11 ግን 59 ነው። ስለዚህ ልዩነቱ ሰፋ ይላል። ሦስተኛው ተማሪ ደግሞ የባለሙያ ርዳታ ያላገኙትን ይቈጥራል። በ2011 ከመቶ 98 እና 54 ነበሩ፤ ይኸውም የድኻው ድርሻ የሀብታሙን እጥፍ አይሞላም። በ2016 ግን 89 እና 30 ስለ ሆኑ የድኻው ድርሻ ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ይህም ተማሪ ያካፈለው እንደ መጀመሪያው ነው፤ መልሱ ግን ተገላቢጦሽ ሆነ።

ሦስቱም አልተሳሳቱም። የተለያዩት ልዩነት ማለት ምን እንደ ሆነ በየራሳቸው ስለ ተረዱት ነው። የክምችት ልክም ከዚህ ችግር አያመልጥም። በአንደኛው መንደር የቀነጨሩትን ስንለካ፥ የመቀነስ ምልክቱን ትተን፥ 0.20 አገኘን፤ ያልቀነጨሩትን፥ ማለት 8፥ 10፥ 12፥ 14 እና 16ን ብንለካ ግን ልኩ 0.13 ያህል ይሆናል። መንደሩ አንድ፥ ሕፃናቱም አንድ ሲሆኑ ቍጥሩ ሁለት ነው። ይህን ለማረም ጊዶ ኤራይገርስ የተባለ የቤልጅግ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2009 ልኩ በአማካዩና በ4 እንዲባዛ ሐሳብ አቀረበ። 0.20 × 0.40 × 4 = 0.32 ነው፤ በሌላውም ወገን 8 ለ60 የሆነው ልክ፥ ማለት 0.133፥ በ0.60 እና በ4 ሲባዛ ያው 0.32 ይሆናል። በዚህ መንገድ ከየትኛውም ወገን ቢታይ መልሱ አንድ ሆኖ ይገኛል።

እንግዲህ አንድ ባለሥልጣን ወይም አንድ ጋዜጣ «ልዩነቱ ጠቧል» ቢለን፥ «በማካፈል ነው ወይስ በመቀነስ? ያገኙትን ቈጥራችሁ ነው ወይስ ያላገኙትን?» ብለን የመጠየቅ መብት አለን። እኔ እንደሚመስለኝ ከሁሉ የሚሻለው አማካዩንም፥ የሁለቱን ጫፍ ቍጥሮችም፥ ልኩንም አንድ ላይ ማሳየት ነው። አንዱን ብቻ መርጦ የሚያሳይ ሰው የቀሩትን የደበቀበትን ምክንያት ሊነግረን ይገባል።

ቍጥሩ ለምን ይጠቅማል?

በጤና ጣቢያ መውለድ በአገራችን ክፍያ ከማይጠየቅባቸው አገልግሎቶች አንዱ ነው። ታዲያ ክፍያ ከሌለ ልዩነቱ ከየት መጣ? በሀብታሙ እጅ የሚገኘው በብዛት የከተማ ሕዝብ ስለ ሆነ አንዱ ምክንያት ርቀት ነው። ከወልቂጤ ወይም ከቡታጅራ መኻል የምትኖር እናት ጤና ጣቢያ ደጇ ነው፤ ከገደል ማዶ ያለችው ግን መጀመሪያ በቃሬዛ መንገድ ዳር መድረስ አለባት። ከመኪናው ሌላ የአስታማሚው ስንቅና የሚባክነው የሥራ ቀን አለ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው መንገድ ለመሥራት ማኅበር ሲያቋቁሙ፥ ምናልባት ንግድን አስበው ይሆናል፤ ነገር ግን መንገድ የጤናም መሣሪያ ነበር። ሊቃውንት የክምችትን ልክ ካገኙ በኋላ ይህን ያህሉ በርቀት፥ ይህን ያህሉ በትምህርት፥ ይህን ያህሉ በገንዘብ የመጣ ነው እያሉ የሚበትኑበት ስሌት አላቸው። ያን ጊዜ መንገድ ይሠራ፥ ትምህርት ቤት ይከፈት ወይስ ገንዘብ ይሰጥ የሚለው ክርክር መያዣ ያገኛል።

ሁለተኛው ጥቅም ወደ እያንዳንዱ ደጃፍ የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ ጤና መድኅን፥ ቤተሰቦች በየዓመቱ መዋጮ ከፍለው ሲታመሙ የሚታከሙበት ነው። መዋጮውን መክፈል ለማይችሉ እጅግ ድኾች መንግሥት ይከፍልላቸዋል። እነዚህ ድኾች እነማን ናቸው? በየቀበሌው ስማቸው መመረጥ አለበት። ከላይ ስለ ሣር ክዳንና ስለ እንሰት የተናገርነው ነገር እዚህ ላይ ጨዋታ መሆኑ ይቀራል። ሰልፉ ከተሳሳተ ባለ እንሰቱ በነፃ ሲታከም፥ በቆርቆሮ ቤት የተከራየችው እናት ከሐኪም ቤት በር ልትመለስ ትችላለችና። አበው «አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቍረጥ» ያሉት ለልብስ ሰፊ ብቻ አይደለም።

በመጨረሻም አንድ ነገር ላስታውስ። «ሀብታም በከብቱ፥ ድኻ በጉልበቱ» ይባላል። ሀብታም ቢታመም ከብቱ ይቈየዋል፤ ድኻ ቢታመም ግን ያለው አንድ ሀብት እርሱ ጉልበቱ ስለ ሆነ፥ በሽታው ሀብቱንም አብሮ ይወስድበታል። እንግዲህ ድኽነት በሽታን ያመጣል፤ በሽታም ድኽነትን ያመጣል። ቍጥሩ ይህን ዙር ያሳየናል እንጂ የትኛው እንደ ቀደመ ብቻውን አይነግረንም። ለዚህ ነው እንደ ቡታጅራው ያለ፥ አንድን ቤት ለብዙ ዓመት የሚከታተል መዝገብ ከአንድ ቀን ቈጠራ የሚበልጠው።

ደግሞም ሀብት ሁሉን ነገር አይፈታም። በ2016 ጥናት በአገራችን ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ከመቶ 38 የቀነጨሩ ነበሩ፤ በድኻው እጅ 45፥ በሀብታሙ እጅ 26። በሀብታሙም ቤት ከአራት ሕፃናት አንዱ ቀንጭሯል ማለት ነው። ስለዚህ የልዩነቱ ጉዳይ የድኾች ጉዳይ ብቻ አድርገን ወደ ጐን የምንተወው አይደለም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ከመካከላችን ነገ የጤና ሠራተኛ፥ የስታቲስቲክስ ባለሙያ፥ የቀበሌ ሹም ወይም ነጋዴ የሚሆኑ አሉ። ሁላችንም አንድ ቀን የሰው ስም በወረቀት ላይ እንጽፋለን፤ ወይም ስማችን ይጻፋል። ጠያቂ ወደ ቤታችሁ ቢመጣ እውነቱን ንገሩት፤ እናንተ ጠያቂ ብትሆኑ ደግሞ መንደሩ ጫፍ ላይ ያለውን፥ መንገዱ አስቸጋሪ የሆነውን ቤት ሳትደርሱ አትመለሱ። ከቍጥር የሚጐድለው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው፤ ርዳታውን ከሁሉ ይልቅ የሚፈልገውም እርሱ ነው።